የቅጥቅጡ የጣሪያ መሰላል ላሜራውን እየሰነጠቀ ነው፤ ጋራዡ ደግሞ «ዋስትናው አይሸፍንም» ይላል

ሳቢያን_ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ጀማዓ። ቅጥቅጥና ብረት የምታውቁ እርዱኝ።

መኪናው አይሱዙ ኤንፒአር ነው፤ ሻንሲው አዲስ የተገዛ፣ ሳጥኑ ግን ጋራዥ ውስጥ የተቀጠቀጠ። ውስጡ አራት አልጋ፣ ትንሽ ማብሰያና የውሃ ታንከር አለው። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ) እና ሁለት ሶላር ተቀምጧል። እንግዳ ይዞ ከድሬዳዋ ሐረርና ባቢሌ ይመላለሳል፤ አልፎ አልፎም በደወሌ አድርጎ ጅቡቲ ይወርዳል። ከተረከብነው አምስተኛ ወሩን ይዟል።

ችግሩ የኋላው መሰላል ነው። የአልሙኒየም ቱቦ ነው፤ መሀል ላይ የኋላ በር ስላለ እስከ ታች አልወረደም። አራት እግር ብቻ አለው፦ ሁለቱ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ሁለቱ ከእነሱ 60 ሳንቲም ዝቅ ብለው። እያንዳንዱ እግር በአንድ ባለ 6 ሚሊ ብሎን ላሜራው ላይ ብቻ ታስሯል። ላሜራው 1 ሚሊ ነው። አሁን በስተቀኝ ያለው የላይኛው ብሎን ዙሪያ ላሜራው ወደ ውጭ አብጦ 3 ሳንቲም ያህል ተሰንጥቋል። በውስጥ በኩል ኮምፔንሳቶው (የእንጨት ልባሱ) ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ዝገት የቀላቀለ ውሃ እስከ ላይኛው አልጋ ይወርዳል። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ መሰላሉ ይንቀጫቀጫል።

ውሉ ላይ «ለሥራ ጉድለት የአንድ ዓመት ዋስትና» ይላል። ጋራዡ «ሰው ከነጭነቱ እየወጣበት ነው የተበላሸው፤ የአያያዝ ጉዳይ ነው» አለ። ሻንሲውን የሸጠልን ደግሞ «ሳጥኑ የእኛ ሥራ አይደለም» ብሎ መለሰን። ሲልከን ቀብተን ብሎኑን ብናጠብቀው ይበቃል? ወይስ ተፈትቶ እንደገና መሠራት አለበት? ዋስትናውስ በምን መንገድ ይጠየቃል?


ሸዋ_በር_ባትላሜራ

ወንድሜ፣ ብሎኑን እንዳታጠብቀው። ባጠበቅከው ቁጥር ስንጥቁ ይረዝማል። ሲልከኑንም ተወው። መጀመሪያ ካሜራ አንሳና ስንጥቁን ሜትር አስጠግተህ ከውጭም ከውስጥም ፎቶ አንሳው፤ የዋስትናውን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ይመልስልሃል።

መሰላሉ ራሱ ደህና ነው። የጠፋው ከጀርባው የሚይዘው ነገር ነው። ላሜራ ለሳጥን ልብሱ ነው፣ አጥንቱ ቱቦላሬው (አራት ማዕዘኑ የብረት ቱቦ) ነው፤ አንተ መኪና ላይ መሰላሉ የተሰፋው ልብሱ ላይ ነው። በዚያ ላይ የ6 ሚሊ ብሎን ሮንዴላ (ከብሎኑ ሥር የሚገባው ክብ ቀለበት) ስፋቱ 12 ሚሊ ያህል ብቻ ስለሆነ ሰው በወጣ ቁጥር ላሜራው እንደ ቆርቆሮ ክዳን ወደ ውጭ ይነፋና ሲወርድ ይመለሳል። ብረት ደጋግሞ ሲታጠፍ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ያየኸው እሱን ነው።

እንዲህ አድርገህ አሠራው። መሰላሉን አውርድ። ከውስጥ በኩል ከእግሮቹ ጀርባ ያለውን ኮምፔንሳቶ በጥንቃቄ ቆርጠህ ክፈት፤ ያበጠውን አውጥተህ ጣል፣ ቢደርቅም ቪቴ (ጠመዝማዛ ሚስማር) አይዝም። ከዚያ ቱቦላሬዎቹ የት የት እንደቆሙ ታያለህ። (ሳይከፈት ማወቅ ከፈለግህ የሪቬቱን መስመር ተከተል፤ ሪቬት ያለበት ሁሉ ከጀርባው አጥንት አለ።) ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ቋሚ 40 በ40 ሚሊ የሆነ ባለ 2 ሚሊ ውፍረት ቱቦላሬ አግድም አስገብተህ አስበይድ፤ አንዱ ከላይኞቹ እግሮች ጀርባ፣ ሌላው ከታችኞቹ ጀርባ። ብሎኑ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቱቦላሬው ባዶ ስለሆነ ስታጠብቀው ይጨመደዳል። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ፑንታ (የመብሻ ብረት) ብሳው፣ 40 ሚሊ የሚረዝም ወፍራም ቱቦ አስገባና ሁለቱንም ጫፍ በይደው፤ ብሎኑ በዚያ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ይቺን ነገር ነው ብዙ ቤት የሚዘላት፣ ከዚያ ከሁለት ወር በኋላ «ብሎኑ ላላ» ይባላል። ብሎኑ አልላላም፤ ቱቦላሬው ነው የሰመጠው።

ብሎኑን ወደ 8 ሚሊ አሳድገው፤ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ማኅተም ያለበትን ግዛ። ከውስጥ 10 በ10 ሳንቲም የሆነ ባለ 4 ሚሊ ፕሌት፣ ዳዶው (ብሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዘው) ደግሞ ናይለን ያለው ይሁን። ባለ 8 ሚሊው ወደ 25 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፤ ቶርክ ሜትር ከሌለ በተራ 13 ቁልፍ በአንድ እጅ አጥብቀው፣ ቱቦ አትቀጥልበት።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አስለቅቀህ ጫፉን በደንብ ፈልግ። ጫፉ ዓይንህ ካየው ትንሽ አልፎ ነው ያለው፤ እዚያ ላይ በ3 ሚሊ ፑንታ ብሳው፣ ካልተበሳ ከማጣበቂያው ሥር ሆኖ መሄዱን ይቀጥላል። ከላዩ 15 በ15 ሳንቲም የሆነ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ በማሸጊያና በሪቬት ይልበስ። ስቱኮ (የላሜራ መሙያ ለጥፍ) ሞልተው ቀለም ሊቀቡልህ ይሞክሩ ይሆናል፤ እምቢ በል። ስቱኮ አንድ ደንገጎ አይቆይም።

ብየዳው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፣ የብየዳው ማሳ (የመመለሻ ሽቦው መያዣ) ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ። ካልሆነ አልተርኔተርና ኮምፒውተር ይቃጠላል። ጋልቫናይዙ ከሚበየደው ቦታ ዙሪያ ይፋቅ፤ የዚንክ ጭስ ሠራተኛውን ትኩሳት ያስይዘዋል። ስፖንጅ ወይም ፎም ካለ ፍንጣሪ እንዳያገኘው እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። ሲያልቅ አንቲረስት ሁለት እጅ ይቀባ፤ የተበየደ ጋልቫናይዝ ራሱን አይከላከልም።


ብረት_በሒሳብ

ሸዋ በር ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። ፕሌቱና ቱቦላሬው ቢገባም እግሮቹ በ60 ሳንቲም ርቀት ላይ ከቀሩ ኃይሉ አይቀንስም።

80 ኪሎ የሚመዝን ሰው መሰላል ላይ ሲቆም የሰውነቱ ክብደት ከግድግዳው ወደ 30 ሳንቲም ርቆ ይንጠለጠላል። በአንድ እጁ 20 ሊትር ውሃ ከያዘ ጄሪካኑ ደግሞ ወደ 50 ሳንቲም ይርቃል። 80 በ30 ሲባዛ 2400፣ 20 በ50 ሲባዛ 1000፤ ድምሩ 3400። ይህንን የላይኞቹና የታችኞቹ እግሮች ለተራራቁበት ርቀት አካፍለው። ለ60 ሳንቲም ሲካፈል ወደ 57 ኪሎ ይመጣል፤ ላይኞቹን ሁለት ብሎኖች ከግድግዳው የሚነቅላቸው ይሄ ነው። ርቀቱ 180 ሳንቲም ቢሆን ግን 19 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ሰው ሲወጣ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ይዘላል፣ ይጎትታል፤ ስለዚህ እጥፍ አድርገህ አስበው።

መሰላሉን ከበሩ ወደ ጎን አሽሹት ማለት ነው። በበሩና በሳጥኑ ማዕዘን መካከል 35 ሳንቲም ካለ ይበቃል፤ የታችኛው እግር እስከ መከላከያው አናት ይውረድ። ርግጫዎቹ በ28 ወይም 30 ሳንቲም ይራራቁ። ከግድግዳው ቢያንስ 15 ሳንቲም ይራቅ፤ ጫማ በጣቱ ብቻ ከቆመ ሰውየው ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ ያ 30 ሳንቲም ያልኩት 40 ይሆናል።

ፋብሪካ ሠራሽ የሆኑት የአሜሪካ የቤት መኪኖች እንኳ የኋላ መሰላላቸው ላይ ብዙ ጊዜ 250 ፓውንድ፣ ማለትም 113 ኪሎ ገደማ የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። ሰውየውና የያዘው ነገር ተደምሮ ነው ይሄ። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የናንተው መሰላል ላይ ተለጥፏል? ጋራዡ «ጭነት አብዝታችሁ ነው» ካለ ስንት ኪሎ ድረስ እንደሚችል የት ጋ ነው የጻፈላችሁ? ይሄ ጥያቄ ለዋስትናውም ይጠቅማል።


መጋላ_ብየዳ

አቦ ለምን ትደክማለህ! አልሙኒየሙን ጥለህ የብረት ቱቦ መሰላል አሠርተህ በቀጥታ ሳጥኑ ላይ አስበይደው። ብሎን የለ፣ ቀዳዳ የለ፣ ውሃ የለ።


ሸዋ_በር_ባትላሜራ

መጋላ፣ ከአክብሮት ጋር፣ እዚህ ላይ አልስማማም። በ1 ሚሊ ላሜራ ላይ 3 ሚሊ እግር ስትበይድ ከብየዳው ጠርዝ ላይ ላሜራው ይሳሳል፤ የሚሰነጠቀውም በዚያው ጠርዝ ነው፣ ያውም ዙሪያውን። ከውስጥ ያለው ቀለምና ጋልቫናይዝም ስለሚቃጠል ማንም በማያየው በኩል ዝገት ይጀምራል። መሰላሉ አንድ ቀን ከኋላ ቢገጭ ብሎኑ ሳይሆን የሳጥኑ ግድግዳ ነው የሚቀደደው። የሚፈታ ነገር በብሎን ይታሰር።

የብረት መሰላል ይሁን ካልከኝ ግን እሺ፣ በብሎን እስከታሰረ ድረስ። ያኔም የእያንዳንዱ ቋሚ ቱቦ ታችኛው ጫፍ ላይ 5 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳ። ጫፉ የታሸገ ቱቦ በብየዳው ቀዳዳ ውሃ ይገባበትና መውጫ ያጣል፤ ከውስጥ በልቶ በልቶ አንድ ቀን ርግጫው ከነሰውየው ይወርዳል።


ኮኔል_ድሬ

ስለ ማሸጊያው ማንም አልተናገረም፣ ውሃውን የሚያቆመው ግን እሱ ነው።

ከሱቅ የሚሸጠው ተራ ሲልከን ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ያ ሽታ አሲድ ነው፤ ላሜራና ጋልቫናይዝ ዝገት ያስይዘዋል። ቀለምም አይይዝበትም፤ ከዚህ የባሰው ግን ቅሪቱ ካልተፋቀ በኋላ የሚቀባው ማንኛውም ማሸጊያ አይጣበቅም። እስካሁን ተቀብቶ ከሆነ በስለት ፍቀህ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ፣ በአሴቶን ሁለት ጊዜ በተለያየ ንጹህ ጨርቅ ጥረገው።

የምትገዛው ፖሊዩሪቴን ይሁን፤ ሲካፍሌክስ 221 የሚባለው ዓይነት። ይሄ ማሸጊያ የሚደርቀው በሙቀት ሳይሆን ከአየር በሚወስደው እርጥበት ነው። 23 ዲግሪና መካከለኛ እርጥበት ባለበት በ24 ሰዓት ወደ 3 ሚሊ ውፍረት ይደርቃል። የድሬ አየር በበጋ ደረቅ ስለሆነ «ፀሐይ አለ፣ ቶሎ ይደርቃል» ብለህ ካሰብክ ትሳሳታለህ፤ ከላይ ቆዳ ይሠራል፣ ውስጡ እንደ ማስቲካ ይቆያል። የመቀቢያው ሙቀት ደግሞ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው ላሜራ እጅ አያስነካም፣ ከ40 በጣም ያልፋል። ስለዚህ በማለዳ፣ ጥላ ሥር፣ ላሜራው ሳይግል ቀባው፤ ከዚያም ሁለት ሙሉ ቀን መኪናው አይንቀሳቀስ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ቀዳዳው ዙሪያ ቀለበት ሠርተህ ቀባ፣ ብሎኑ አንገት ላይም ጨምር። እግሩን አስቀምጠህ በእጅ ብቻ አጥብቅ፤ በእግሩና በላሜራው መካከል ወደ 2 ሚሊ ማሸጊያ ይቅር። በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ካጠበቅከው ማሸጊያው ሁሉ ወደ ጎን ይወጣና ብረት ከብረት ይገናኛል፤ የሚቀረው ለዓይን የሚያምር ጠርዝ ብቻ ነው። የመጨረሻው ማጥበቅ ማሸጊያው ከደረቀ በኋላ ይሁን፤ በዚያን ጊዜ ዳዶውን ብቻ ከውስጥ አዙረው፣ የብሎኑ ራስ አይዙር።

ከመሠራቱ በፊት ግን ውሃው በእርግጥ በዚያ ብሎን እንደሚገባ አረጋግጡ። ውሃ የሚንጠባጠብበትና የሚገባበት ቦታ አንድ አይደለም፤ ከጣሪያው ሶላር እግር ገብቶ በቱቦላሬው ላይ ተንሸራቶ አልጋው ላይ ሊወርድ ይችላል። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ሌላው የውሃ ጎማ ይዞ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ እያንዳንዱን ቦታ አምስት ደቂቃ ያጠጣ። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚነካ ማን እንዳፈሰሰ አይለይም። የፖርቶመጋላውንና የሶላሩን እግሮች ለብቻ ለብቻ።


ውል_ጠባቂ

ወንድሜ ሳቢያን፣ አሁን ወደ ዋስትናው።

በመጀመሪያ ሁለቱን ዋስትናዎች ለያይ። የሻንሲው ዋስትና ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሲያልና ሻንሲውን ይመለከታል፤ ሌላ ሰው የቀጠቀጠውን ሳጥን አይመለከትም። ስለዚህ ሻንሲውን የሸጠው ሰው ለመሰላሉ የሰጠህ መልስ ትክክል ነው፤ እዚያ ጊዜ አታጥፋ። የሳጥኑ ዕዳ የቀጥቃጩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ጥገናው ሲካሄድ ሻንሲው ራሱ ላይ አዲስ ብየዳ ወይም ቀዳዳ እንዳይደረግ። ያ ከሆነ የሻንሲውንም ዋስትና አጣህ።

የጋራዡ ክርክር «አያያዝ ነው» የሚል ነው። አንተ የምታሳየው ደግሞ አሠራሩን ነው። ፎቶው ላይ ሦስት ነገር ይታይ፦ የብሎኑ ውፍረት፣ የላሜራው ውፍረት በካሊፐር ተለክቶ፣ ከጀርባው ቱቦላሬ አለመኖሩ። ብረት በሒሳብ ያወጣው ቁጥርም ይያያዝ። መሰላል ሰው የሚወጣበት ዕቃ ነው፤ ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ላይ ሰው ጭነት ይዞ እንደሚወጣ የሠራው ሰው ያውቃል። የጭነት ገደብ በጽሑፍ ካልሰጠ «አበዛችሁ» የሚለው ክርክር እግር የለውም። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብየዳ አሠልጣኝ ወይም ከሌላ ጋራዥ ባለሙያ አንድ ገጽ የጽሑፍ አስተያየት ብታገኝ ጥሩ ነው፤ «ይሄ ድጋፍ የሌለው አሠራር ነው» የሚል፣ ስምና ፊርማ ያለበት።

በስልክ አትጨቃጨቅ። ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ጻፍ፦ የርክክቡ ቀን፣ ጉድለቱ የታየበት ቀን፣ ምን እንደተሰበረ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንዲጠገን እንደምትጠይቅ። አንዱ ኮፒ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ይፈርሙ። አልፈርምም ካሉ በሪኮማንዴ (በአደራ) ፖስታ ላክ፣ ደረሰኙን ያዝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካየም ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። መዘግየት መብትህን ይበላዋል። አምስተኛ ወር ነው ብለህ አትዝናና፤ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይውጣ።

መልስ ሳታገኝ ሌላ ጋራዥ ወስደህ እንዳታስፈታው። «ሌላ እጅ ገብቶበታል» ይሉሃል፣ ያኔ ማስረጃው ጠፋ። እስከዚያው ውሃው እንዳይገባ ከላይ ሸራ አስርበት፣ መሰላሉንም ማንም አይውጣበት።

ከተስማሙም ዝም ብላችሁ መኪናውን አታስረክቡ። ምን እንደሚሠራ በወረቀት ይጻፍ፦ ባለ 8 ሚሊ ብሎን ስንት፣ ፕሌቱ ስንት በስንት፣ የማሸጊያው ዓይነት፣ ኮምፔንሳቶውን ማን እንደሚተካ። «በጥሩ ሁኔታ ይጠገናል» የሚል ቃል ተቀባይነት የለውም፤ ጥሩነቱ በምን ይለካል? ለተጠገነው ክፍል ዋስትናው ከጥገናው ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ እንዲቆጠር ጠይቅ። ከመረከብህም በፊት የኮኔል ድሬ የውሃ ሙከራ እነሱ ባሉበት ይደረግ።


ሳቢያን_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ደብዳቤውን ነገ አስገባለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ መሰላሉን ከበሩ ጎን አሽሽተን እስከ 180 ሳንቲም ብናወርደው፣ ያው አልሙኒየም ሆኖ ሳጥኑ ብረት ነው። ብሎኑ ደግሞ ሌላ ብረት። ጅቡቲ ስንወርድ የባሕር ጨው አለ፤ አይበላላም?


ብረት_በሒሳብ

ይበላላል፣ የሚበላውም አልሙኒየሙ ነው። ሁለት የተለያየ ብረት ሲነካካና ጨዋማ እርጥበት መሀላቸው ሲገባ እንደ ባትሪ ይሠራሉ። በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየህ ተጀምሯል ማለት ነው። መፍትሔው እንዳይነካኩ ማድረግ ነው፦ ከእግሩ ሥር 3 ሚሊ ጎማ፣ ከብሎኑ ራስ ሥር የናይለን ሮንዴላ ከላዩ የብረት ሮንዴላ፣ ብሎኑ በሚያልፍበት የእግሩ ቀዳዳ ውስጥም ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ። ጎማ ስታስገባ ማሸጊያው ከጎማው በላይም በታችም ይቀባ። ከጅቡቲ በተመለሳችሁ ቁጥር በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ ጨው ደርቆ አይቆይ።

ሌላው መለጠጡ ነው። በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 180 ሳንቲም አልሙኒየም ወደ 1.7 ሚሊ ይረዝማል፤ ብረቱ ግን 0.9 ሚሊ ገደማ ብቻ። ደንገጎ አናት ላይ በሌሊት ከቆመ በኋላ ቀትር ላይ ድሬ ሲወርድ ያ ልዩነት በየቀኑ ብሎኖቹን ይገፋቸዋል። ስለዚህ የላይኞቹ እግሮች ቀዳዳ ክብ ይሁን፣ የታችኞቹ ደግሞ ቁመቱን ተከትሎ በሞረድ 3 ሚሊ ይርዘም። ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፣ የረዘመውን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። የታችኛው ዳዶ ከላይኛው ላላ ይበል፣ ናይለኑ ስለሚይዘው አይወልቅም። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም አንድ ጊዜ በቁልፍ ፈትሹ፤ ከዚያ ሰርቪስ በተገባ ቁጥር።